ቡናዬ በቁጥር የተናገረባት ከተማ

ሐውልት የንጉሥ፣ የጀግና፣ የሰማዕት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ምኒልክ በፈረሳቸው አራዳ ላይ፣ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባያቸው፣ አንበሳው ለገሃር ፊት ለፊት። ስቶክሆልም ግን ለኬሚስትም ሐውልት ታቆማለች! ሰኔ ነበር። ፀሐይዋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ እንቅልፍ ስትነሳኝ፣ ከተማው ሳይነቃ ወደ ውኃው ዳር ወረድኩ። እዚያ ካለች ትንሽ መናፈሻ መሐል አንድ ረጅም ካባ የለበሰ የነሐስ ሰው ቆሟል። የጦር መሪ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ያኮብ በርሴሊየስ ነው! ንጥረ ነገሮችን በፊደል መጻፍን ለዓለም ያስተማረው ሰው። ሐውልቱ በ1858 የቆመ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። በጠመኔ አቧራ ውስጥ ተቀምጠን «ኤች ቱ ኦ» እያልን ስንሸመድድ፣ የዘዴውን ባለቤት አንድ ቀን ርግብ ትከሻው ላይ አርፋበት አገኘዋለሁ ብዬ መች አሰብኩ?

በዚያው ሰሞን ሁምለጎርደን በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ስዘዋወር ሌላ ገጠመኝ። ካርል ቪልሄልም ሼሌ፤ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ በ1774 ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እሱ ነው። ሕፃናት እግሩ ሥር ይሯሯጣሉ፣ ወጣቶች ሣሩ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ከክሎሪን ጋር ገና ሌላ ጉዳይ እንዳለኝ አላወቅሁም ነበር።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ኬሚስትሪ ለዶክትሬት ትማራለች። እናቷ ቆልታና ወቅጣ የላከችላትን የይርጋጨፌ ቡና ስሰጣት አሸተተችው፣ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፣ ወዲያው ግን ማንኪያ አንሥታ ጥቂት ቆንጥራ በትንሽ ጠርሙስ ከተተች።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ነገ ላቦራቶሪ ወስጄ ልሰባብረው። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ።»

የተወቀጠን ቡና ደግሞ እንዴት ነው የምትሰባብሪው ልላት አሰብኩና ተውኩት።

ወደ ላቦራቶሪው ስገባ የጠበቅሁት አዳራሽ የሚያህል ማሽን ነው። ያገኘሁት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነጣ ያለ ሣጥን፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ከሱ አነስ ያለ ሌላ ሣጥን። ከሥር ፓምፕ ያጉተመትማል፤ ግድግዳው ጥግ የሂሊየም ሲሊንደር በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ትልቁ ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ትንሹ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ነው። ትንሽ ቅር አለኝ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ቁልፉ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበርና፣ በመስኮት አጮልቄ የማያቸው ጠርሙሶች በዓይኔ በጣም ገዝፈው ነው የኖሩት። ከዚያ የአክስቴ ልጅ የትልቁን ሣጥን በር ከፈተችልኝ፤ ምድጃ ነው። ውስጡ እንጀራ የሚጋገርበት ነገር የለም፤ እንደ ክር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ ሩብ ሚሊ ሜትር! ቅሬታዬ እዚያው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡናው የወጣው ፈሳሽ በዲክሎሮሜቴን ተጨምቆ ጣት በምታህል ብልቃጥ ገብቷል። መርፌ ከላይ ወርዶ ከፈሳሹ አንድ ማይክሮ ሊትር ብቻ ይቀዳል። የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ምድጃው ቀስ በቀስ ይግላል፣ ሂሊየሙ ይገፋል፣ በቡናው ውስጥ ያሉት ውህዶች በዚያ ቀጭን ቱቦ ሩጫ ይጀምራሉ። ቶሎ የሚተነው ይቀድማል፣ የቱቦው ግድግዳ የሚይዘው ወደ ኋላ ይቀራል። መጨረሻው ላይ ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ፣ አየር ወደሌለበት ክፍል ይገባሉ። እዚያ የኤሌክትሮን ጨረር ይጠብቃቸዋል። 70 ኤሌክትሮን ቮልት። ለምን 70 እንጂ 50 ወይም 100 አልሆነም ብዬ ጠየቅሁ። ዓለም ሁሉ በዚህ ስለተስማማ፣ ስቶክሆልም የተሰበረው ቶኪዮ ከተሰበረው ጋር እንዲመሳከር ነው አለችኝ። ደስ አይልም? አሰባበሩ እንኳ ስምምነት አለው።

ጨረሩ ሞለኪውሉን ሲመታው አንድ ኤሌክትሮን ያስጥለዋል። ሞለኪውሉ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፤ የተረፈው ጉልበት ደግሞ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው፤ እንዳሻው አይሰነጠቅም። ከእጅ ያመለጠ ጀበና ወለል ላይ ሲወድቅ አንገቱ ከሆዱ በተጋጠመበት፣ እጀታው በተለጠፈበት በኩል ነው የሚለቀው፤ ገሉን የሰበሰበ ሰው ጀበና እንደነበረ፣ እጀታው በየት በኩል እንደነበረ ይናገራል። ሞለኪውልም ደካማ መጋጠሚያው ላይ ይለቃል፤ ዛሬም ነገም፣ ሺህ ጊዜም ሚሊዮን ጊዜም። ስባሪዎቹ በአራት ዘንጎች መካከል ያልፋሉ፤ በዘንጎቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲቀያየር አንዴ ይህ ክብደት፣ አንዴ ያኛው ክብደት ብቻ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ማሽኑ ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ረጃጅምና አጫጭር ዘንጎች ይተከላሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር ክብደቱ ተጽፏል።

የአክስቴ ልጅ የውህዱን ስም በእጇ ሸፈነችና ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። «ይቀንሱ» አለች።

ረጅሙ ዘንግ 194 ላይ ነው። ይህ ሳይሰበር ያመለጠው ሙሉ ሞለኪውል ነው። ከዚያ አጭር ዘንግ 137 ላይ። ሌላ ረጅም 109 ላይ። ከዚያ 82። ቀነስኩ። 194 ሲቀነስ 137፣ 57። 137 ሲቀነስ 109፣ 28። 109 ሲቀነስ 82፣ 27። እሷ በጎን ትጽፍልኛለች፦ 57 የሜቲል አይሶሳይኔት ቁራጭ ነው፤ 28 ካርቦን ሞኖክሳይድ፤ 27 ሃይድሮጅን ሳይናይድ። ስሙ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም እነዚህ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲሰበር የወጡ እንጂ ሲኒው ውስጥ የነበሩ አይደሉም፣ አይፍሩ አለችኝ። ከዚያ እጇን አነሣች። ካፌይን!

ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማገኘው ወዳጄ ነው። ፊቱን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ማሽኑም ካፌይን ነው ይላል፤ ስሙን ጽፎልሻል፤ ታዲያ መቀነሱ ለምን አስፈለገ?» አልኳት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የሚያሰናዳው የስባሪዎች መዝገብ ከ300,000 በላይ ውህዶችን ይዟል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ጋር በቅጽበት ያስተያያል። እሷ ግን በመዝገቡ ብቻ አትረካም። ቴኦብሮሚንና ቴኦፊሊን የሚባሉ ሁለት የካፌይን ዘመዶችን አወጣችልኝ። አንዱ ካካዎ ውስጥ ያለ፣ ሌላው ለአስም መድኃኒት የሚሆን። የሁለቱም ክብደት 180፤ የአተሞቻቸው ብዛትም አንድ ነው። የሚለያዩት ሜቲል የምትባል አንዲት ቁራጭ በተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ብታወጧቸው አይለዩም። ስትሰብሯቸውስ? ቴኦፊሊን 57 ጥሎ 123 ይሆናል። ቴኦብሮሚን 43 ጥሎ 137 ይሆናል። ሜቲሏ የተቀመጠችበት ቦታ በስባሪው ታወቀ! ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መቆየት አልቻልኩም፤ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። እንዲህ ያሉትን ክብደታቸው አንድ፣ አሠራራቸው ልዩ የሆኑ ውህዶች ስም ያወጣላቸው ያው የውኃ ዳሩ ሰውዬ፣ በርሴሊየስ መሆኑን ስትነግረኝ ደግሞ ጭራሽ!

በሌላ ቀን የወሰደችኝ ክፍል ግን ከሁሉም በለጠብኝ። እዚያ ያለው ማሽን ቱቦው መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይሄዳል። ግማሹ ደግሞ የመስታወት አፍንጫ ማስደገፊያ ወዳለበት ይወጣል። አዎ፣ ሰው ተቀምጦ ያሸታል! የቡናውን መዓዛ በቀጭን ዘንግ ላይ አስይዛ ወደ ማሽኑ ላከችው፤ እኔን አፍንጫዬን አስደግፌ የሸተተኝን እንድጽፍ፣ እሷ ደግሞ ስክሪኑን እንድታነብ ተስማማን።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ድንገት ቅቤ! ያልተነጠረ፣ ትኩስ ቅቤ። ጽፌ ሳልጨርስ ጠፋ። «86» አለች ከወዲያ፤ «መሐሉ ላይ ለሁለት እኩል ተሰብሮ 43 ሆኗል።» ዲአሴቲል ነው። ቀጥሎ አፍንጫዬን ያሸሸ ነገር መጣ። «79» አለች። «ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ አይደል ጋሼ? ሙሉው ሞለኪውል ጎዶሎ ከሆነ ናይትሮጅኑም በቁጥር ጎዶሎ ነው። ፒሪዲን ነው፤ አንድ ናይትሮጅን አለው።» ካፌይን አራት ናይትሮጅን ስላለው ነው ለካ 194 ተጋማሽ ቁጥር የሆነው!

ትንሽ ቆየ። ከዚያ መጣ። ቡና። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ቡና፤ ከምጣድ ላይ የተነሣ፣ ለሰው ሁሉ እየዞረ የሚሸተት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስክሪኑ ላይ የታየው እዚህ ግባ የማይባል ጉብታ ነበር፤ 114፣ ከሥሩ 81። በመካከሉ የጎደለው 33 ሲሆን ሰልፈር ከነሃይድሮጅኑ ነው። ፉርፉሪል ታዮል ይባላል። ከተቆላ ቡና ውስጥ ይህን ያገኙት ታዴዎስ ራይሽታይንና ሄርማን ሽታውዲንገር ናቸው፤ በ1926፣ ይህ ማሽን ሳይኖር፣ ለዓመታት ቡና እያነጠሩ። ሁለቱም ኋላ በሌላ ሥራቸው ኖቤል ተሸልመዋል። እኔ አንድ ቁንጥር ቡና ይዤ በአንድ ከሰዓት ደረስኩበት። ያሳፍራል ማለት ይቻላል።

ከዚያ የተቀቀለ ድንች ሸተተኝ። ቡና ውስጥ ድንች ምን ይሠራል? ሜቲዮናል ነው፣ 104። ከዚያ ደግሞ ጢስ፤ እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት የወይራ ጢስ። «ጓያኮል፤ 124። 15 ጥሎ 109፣ ሜቲል ሄደች። 28 ጥሎ 81።» 81? ቅድም እኮ 81 ቡናው ነበር! አየችኝና ሳቀች። አንድ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሁሉም ተሰልፈው ነው ቃላቸው የሚሰማው።

ያቺ 28 ደግሞ አላስተኛ አለችኝ። በማግሥቱ ጠየቅኋት፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ 28 ነው፣ የናይትሮጅን ጋዝም 28 ነው፣ ኤቲሊንም 28 ነው። የቱ እንደወጣ በምን ታውቂያለሽ? ጥያቄው ሳያስደስታት አልቀረም፤ ወደ ጎረቤት ክፍል ወስዳ ኦርቢትራፕ የሚባለውን አሳየችኝ። አሌክሳንደር ማካሮቭ የፈጠረው፣ በ2005 ለገበያ የቀረበ። ውስጡ ባለ እንዝርት ቅርጽ ብረት ዙሪያ አዮኖቹ ይሽከረከራሉ፤ እየተሽከረከሩ በእንዝርቱ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዙበት ፍጥነት ክብደታቸው እስከ አራተኛ አሥርዮሽ ይነበባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ 27.9949፣ ናይትሮጅን 28.0061፣ ኤቲሊን 28.0313። ሦስቱም 28 ናቸው ብለን ስናልፍ፣ ለካ ሦስቱም አይደሉም!

ስለ ክሎሪን ጉዳይ አለኝ ብዬ ነበር። የሼሌ ግኝት በዚህ ማሽን ፊት መደበቅ የማይችል ነገር ነው። በተፈጥሮ ያለው ክሎሪን ከአራቱ ሦስቱ 35፣ አንዱ 37 ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ክሎሪን ያለው ስባሪ ሁልጊዜ ጥንድ ዘንግ ይተክላል፤ በሁለት የተራራቁ፣ ሦስት ለአንድ። ሦስት ክሎሪን ያለው ሌላ ምልክት አለው። የአክስቴ ልጅ ከመዝገቡ አንድ ሥዕል አወጣች፤ 181 እና 183 ቁመታቸው እኩል ለመሆን ጥቂት የቀራቸው፣ 185 የነሱን ሲሶ የሚያህል። «ይህን ቡና ውስጥ ያየ ሰው ጭነቱን ያስቆማል» አለች። ሊንዴን ነው፤ ስድስት ክሎሪን የተሸከመ ፀረ ተባይ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። በ2008፣ በእኛ 2000 ዓመተ ምሕረት ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ሊንዴንን ጨምሮ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው የቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። ጥርጣሬው ያረፈው በማሳው ላይ ሳይሆን በጆንያው ላይ ነበር። ያኔ ዜናውን ሰምቼ «ምቀኝነት ነው» ያሉትን ሰዎች አምኜ ነበር ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ምንም አላልኩም፣ አልገባኝምም ነበር። ቀማሾቻችን ጣዕሙን፣ ጠረኑን፣ የፍሬውን ጉድለት አንድ በአንድ ይለያሉ፤ በዚህ ማንም አይበልጣቸውም። ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሊንዴንን ግን የየትኛውም ሰው ምላስ አያውቀውም። ማሽኑ ያውቀዋል። ቡና ለሚሸጥ አገር ይህ ሣጥን የቅንጦት ዕቃ ነው የሚለኝ ካለ ከእንግዲህ አልስማማም።

ልመለስ ስቃረብ ብቻዬን ወደ ሶልና ሄድኩ። የካሮሊንስካ ተቋም ቀይ የጡብ ሕንፃዎች ዛፍ መሐል ተበታትነዋል፤ መግቢያው አጠገብ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወቶች የተሸፈነ ግዙፍ አዳራሽ ወደ መንገዱ ዘመም ብሎ ቆሟል። የመጣሁት ግን ለበግ ነው። አዎ፣ ለበግ።

በ1930ዎቹ ኡልፍ ፎን ኦይለር ከወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ የደም ግፊት የሚያወርድና ጡንቻ የሚያኮማትር ነገር አግኝቶ ፕሮስታግላንዲን አለው። ምን ዓይነት ሞለኪውል እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሱኔ ቤርግስትሮም የበግ ዕጢ እያሰበሰበ፣ ከብዙ ዕጢ ጥቂት ሚሊ ግራም እያወጣ፣ በ1957 ንጹሕ ክሪስታል አገኘ። ሚሊ ግራም! በዚያ ዘመን የአንድን ሞለኪውል አሠራር ለማወቅ የሚያስፈልገው በግራም የሚቆጠር ነበር። ያዳናቸው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። እዚያው ካሮሊንስካ ራግናር ሪሃገ የሚባል ሰው ማሽኑን ይገነባ፣ ያሻሽል ነበር፤ ከጋዝ ክሮማቶግራፊ ጋር ካጋቡት ቀዳሚዎች አንዱም እሱ ነው። ቤርግስትሮም፣ ቤንግት ሳሙኤልሶን፣ ያን ሼቫልና ሪሃገ ያቺን ጥቂት ሚሊ ግራም በኬሚካል ቆራርጠው፣ ቁራጮቹን በማሽኑ መዘኑ። 18 ሲጎድል ውኃ ወጣ ማለት ነው፤ እዚያ ጋር ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሠራሩን ጨረሱት። 20 ካርቦን፣ መሐሉ ላይ ባለ አምስት ማዕዘን ቀለበት፣ ከቀለበቱ የሚወጡ ሁለት ጭራዎች። የመጀመሪያው ፕሮስታግላንዲን ኢ ክብደት 354።

ቤርግስትሮምና ሳሙኤልሶን በ1982 ከእንግሊዛዊው ጆን ቬን ጋር ኖቤል ተሸለሙ፤ አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሠው ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማገድ መሆኑን ያሳየው ቬን ነው። (የቤርግስትሮም ልጅ ስቫንቴ ፔቦም በ2022 በጥንት ሰዎች ዲኤንኤ ጥናት ኖቤል ወስዷል። አንዳንድ ቤት ደግሞ አለ!) አሠራሩ ስለታወቀ መምሰያው ተሠራ፤ ከነዚያ አንዱ ሚሶፕሮስቶል ነው። ከወሊድ በኋላ የእናት ደም አልቆም ሲል የሚሰጥ፣ ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ ኪኒን። መብራት በሌለበት የገጠር ጤና ኬላ ማቀዝቀዣ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገርም። ከበግ ዕጢ ተነሥቶ፣ በሶልና ጡብ ሕንፃ ተሰብሮ፣ ተመዝኖ፣ ቆላ ላለች አንዲት ወላድ! የጉብኝት መጽሐፎች ስለ ቤተ መንግሥቱ ገጽ በገጽ ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ግቢ ግን አንድ መስመር አላየሁም። ተሳስተዋል እላለሁ።

እናንተም በውጭም ሆነ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ እኅት፣ የሚማር የወንድም ልጅ ካላችሁ «ምን ትሠራለህ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «አስገባኝ» በሉ። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ ቡና ያዙ። ጥሬውን ግን እንዳይሆን። ያቺን 114 በጥሬ ቡና ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ የምትፈጠረው ቡናው ሲቆላ ነው።